የባለሳሩ ጎረቤት ሆኜ

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተም በር ላይ የቆማችሁ የማሳ ሠራተኞች። ግቡ እባካችሁ፣ ከኋላ ወንበር አለ። ዕድሜ ልካችንን ደጅ አብረን ቆመናል፤ ዛሬ እንኳ ተቀመጡ።

ይህን ከሰዓት ለእኔ ብላችሁ ስላዘጋጃችሁት ከልቤ አመሰግናለሁ። አዳራሹ አምሮበታል። እኔ ስቀጠር ዘር የሚሰጣበት ክፍል ነበር፤ ገብቶ ሳያስነጥስ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛዎቹንም ነጭ ጨርቅ አልብሳችኋቸዋል። ይሄ ከፊቴ ያለው ግን የላቦራቶሪዬ ጠረጴዛ ነው፤ አሲድ ከበላው እግሩ ለይቼዋለሁ። ለስንብቴ ስለመጣ እሱንም አመሰግናለሁ።

የዝግጅቱ አስተባባሪ ጠዋት ክፍሌ ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ ደስ ደስ የሚል ነገር ይናገሩ፤ ሰው እንዳይከፋው» ብላኛለች። ጡረታ የሚወጣ ሰው ምን ይላል? ደክሞኝ ነበር፣ አሁን ላርፍ ነው፣ የልጅ ልጄን አጫውታለሁ፣ ይላል። እኔም እንደዚያ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ይህን ያህል ዘመን አብራችሁኝ ስትኖሩ ፊቴን ማንበብ ለምዳችኋል፤ ብዋሽም አታምኑኝም።

ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀንቻለሁ። ነገ ጠዋት ያንን የብረት በር ገፍታችሁ በምትገቡት በሁላችሁም ላይ ቀንቻለሁ። በጥበቃው ሳይቀር።

ለነባሮቹ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እዚህ ግቢ በቅናት ገብቼ በቅናት ነው የምወጣው። አዲስ ለገባችሁትና ቤተሰብ ለሆናችሁት ግን ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ከመኖ ሥር የሚኖረውን ነገር እንዳጠና ነበር። ከብት የሚግጠውን ሳይሆን ከሚጋጠው በታች ያለውን። ድርሻዬ የጥራጥሬ መኖ ነው፤ ክሎቨር፣ አልፋልፋ፣ እነዚህ የባቄላና የአተር ዘመዶች። በዚያው ሳምንት አንድ ሌላ ወጣት ተቀጠረ። የእሱ ድርሻ ሳር ነው። ያውላችሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጁን አጣምሮ የተቀመጠው ሰውዬ። ሠራተኞቹ ወዲያው ባለሳሩ አሉት። እኔን ደግሞ እመት ሥር አሉኝ። ማሳችን ጎን ለጎን ነበር። በመካከላችን አንዲት የእግር መንገድ ብቻ ነበረች።

እስቲ ፍረዱኝ። የእሱ ሳር ወገብ ድረስ ይደርሳል። ነፋስ ሲመጣ እንደ ውኃ ይተኛል፣ ይነሣል። የእኔ ክሎቨር ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። የእኔ ዋናው ሀብት ደግሞ መሬት ውስጥ ነው። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ያለው ነፍስ ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል። ከክሎቨር ሥር ላይ ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እባጭ ትገኛለች። በጥፍር ስትሰነጥቋት ውስጧ እንደ ድድ ሮዝ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዙ ተክሉን ይመግቡታል፤ ተክሉም ስኳር ያበላቸዋል። እኔ ይህን ሳይ ዛሬም ድረስ አፌ ይከፈታል። ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?

አንድ ጊዜ ትልቅ እንግዳ መጡ። ባለሳሩ ማሳው ውስጥ አስገባቸው፤ ሳሩ መሐል ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሳሩን ዳበሱት። ተራዬ ደረሰ። ክሎቨሩን ከነሥሩ ነቅዬ፣ አፈሩን አራግፌ አቀረብኩላቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እባጭ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«በሽታ ነው?»

«አይደለም፤ ጤና ነው።»

«ታዲያ ጤና ከሆነ ለምን አበጠ?»

ሰውዬው ሳቃቸውን አልቻሉም፤ ባለሳሩም አልቻለም። የዚያን ቀን የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ ኮሪደራችን ላይ ተሰቅሏል። እኔም አለሁበት። በስተግራ ጥግ የምትታየው ክርን የእኔ ናት።

ቅናቴ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጄ ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት እመጣ ነበር። እስቲ ገምቱ፣ የት ትጫወታለች? የባለሳሩ ማሳ ውስጥ። ድብብቆሽ። አንድ ቀን ጠርቼ፣ «ለምን እናትሽ ማሳ ውስጥ አትጫወቺም?» አልኳት።

«እማዬ፣ ያንቺ መደበቂያ የለውም» አለችኝ።

እሷም ዛሬ እዚህ አለች። የራሷን ልጅ ይዛ። ልጅየውን ከመኪና እንዳወረደችው ወደ የትኛው ማሳ እንደሮጠ አልነግራችሁም።

ወደ ወሰናችን ልመልሳችሁ። ሳር ወሰን አያውቅም። ከመሬት በታች ሥሩን እየላከ መንገዷን አልፎ እኔ ማሳ ውስጥ ብቅ ይላል። የእኔ ክሎቨርም ጨዋ አይደለም፤ እየተሳበ ሄዶ እሱ ዘንድ ይጠመጠማል። እኔ የእሱን እነቅላለሁ፤ እሱ የእኔን ይነቅላል። ጠዋት ጠዋት እዚያች መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ ሁለታችንም አጎንብሰን።

«ሳርህ ቤቴ ገብቷል» እለዋለሁ።

«ክሎቨርሽ ጋብዞት ነው።»

«ንጹሕ ማሳ ነው የምሠራበት። ጥናቴን አበላሸኸው።»

«አንቺ የእኔን አበላሽተሽ ስትጨርሺ እናወራለን።»

ሠራተኞቹ ያቺን ቀጭን መሬት «ፍርድ ቤት» ብለው ሰየሟት። «እመት ሥር የት ናት?» ሲባል፣ «ፍርድ ቤት ናት» ይላሉ። አንድ አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ እውነት መስሎት በምን ተከስሳ ነው ብሎ ጠይቋል አሉ።

ባለቤቴ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው፣ እንጨት ሠራተኛ ነው። ስለ አፈር የሚያውቀው ጫማ እንደሚያቆሽሽ ብቻ ነበር። ማታ እራት ስንበላ እኔ የማወራው ስለ ባለሳሩ ነው። ባለሳሩ አዲስ ዘር አመጣ፤ ባለሳሩ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተመሰገነ፤ የባለሳሩ መደብ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረ። አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ይህን ሰው ትጠይዋለሽ?» አለኝ።

«በጣም።»

«በዚህ ቤት ከእኔ ስም ይልቅ የእሱ ስም ነው የሚጠራው። የምትጠይውን ሰው እንዲህ የምታነሺው ከሆነ የምትወጂው ቢኖርማ ጉዴ ፈልቶ ነበር።»

ለካ እሱም ቀንቶ ኖሯል። በማግሥቱ ሥራውን ጥሎ እዚህ መጣ፤ ሰውየውን በዓይኑ ሊያይ። ሲደርስ ሁለታችን ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን በአንድ ሥር ላይ እንጨቃጨቃለን፤ እኔ የክሎቨር ነው እላለሁ፣ እሱ የሳር ነው ይላል። ቆሞ አየንና ሳቀ። ማታ ላይ፣ «እኔ የምሰጋበት ነገር የለም። ሁለታችሁም ልባችሁ ያለው ጭቃ ውስጥ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የባለሳሩ ስም ከእኛ ገበታ ጠፍቶ ባያውቅም ባለቤቴ ቅሬታ አንሥቶ አያውቅም።

በመጨረሻ የቀድሞው ዳይሬክተር ጭቅጭቃችን መረራቸው። ሁለታችንንም ፍርድ ቤት ድረስ ይዘውን ወጡ። ቀጭኗን መሬት በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህች የማንም አይደለችም። እዚህ ላይ አጎንብሶ ያገኘሁት ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው» አሉ። ፈራናቸው። ከዚያ በኋላ የሚነቅል ጠፋ። ዓመታት አለፉ። ሳሩም ክሎቨሩም እዚያ ላይ እንደፈለጉት ተደባለቁ፤ ሠራተኞቹ ሲያጭዱ ብቻ ያጭዱታል። እኛም ረሳነው።

ከዚያ ያ ደረቅ ዓመት መጣ። ነባሮቹ ታስታውሱታላችሁ። ዝናቡ ጥቂት ጥሎ ጠፋ። የባለሳሩ ሳር እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት አልከፋኝም። ከዚያ የእኔም ክሎቨር ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ እባጮቹን ስሰነጥቅ ውስጣቸው ግራጫ ነው። በሁለቱ ማሳዎች መሐል ግን አንድ አረንጓዴ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ፍርድ ቤት።

ባለሳሩ፣ «ቧንቧ ፈስሶ ነው» አለ።

«ቧንቧ መሆን አለበት» አልኩ እኔም። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ቧንቧ በዚያ በኩል አያልፍም። ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት ነው ይህች ልጅ የተቀጠረችው። ያቻት፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ስሟን እንዳልጠራ አንገቷን የደፋችው። ዛሬ ዶክተር ናት፤ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው። ረዳቴ ተደርጋ ተመደበችልኝ። በገባች በሳምንቱ በላቦራቶሪው መስኮት እያየች፣ «እትዬ፣ ያ አረንጓዴው መሬት የማነው?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ከእርስዎም ከጋሼም የተሻለው?»

ልጅቱ ክፋት የላትም። የምትጠይቀው ስላላወቀች ነው። እኔ ግን ለሦስት ቀን በቅጡ አላናገርኳትም።

ያ መሬት ጥናት አይደለም፣ ማንም አቅዶ አልዘራውም፣ ከእሱ የሚገኝ ውጤት አይታመንም አልኳት። «እሺ እትዬ» አለች። እሺ ያለች ልጅ በማግሥቱ ከሦስቱም ቦታ አፈር ይዛ መጣች። ክዳኑ ድርግም በሚል ብርጭቆ ውስጥ አስገባችው። ይህንን ለማታውቁት ላስረዳ። አፈር ይተነፍሳል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት እንደ እኛው አየር ያስወጣሉ። የሚያስወጡትን አየር የሚይዝ ፈሳሽ አብረን እናስቀምጥና በኋላ ያንን ፈሳሽ ሮዝ ቀለም አድርገን አሲድ እናንጠባጥብበታለን። ሕይወት የበዛበት አፈር ከሆነ ሮዙ ቶሎ ይጠፋል።

የሳሩ ጠፋ፤ ደህና ነው። የክሎቨሬ ከእሱ ቀድሞ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም፣ ወጥቼ ለባለሳሩ ልነግረው ተነሥቼ ነበር። የፍርድ ቤቷ ግን ጥቂት ጠብታ እንዳረፈበት ድርግም አለ።

«ዕቃሽ ያፈሳል» አልኳት።

ደገመችው። ያው ሆነ። እሷን አስወጥቼ በራሴ እጅ፣ በራሴ ዕቃ ሠራሁት። ያው ሆነ። ሥሮቹን ቀቅለን ሰማያዊ ቀለም አጠጣናቸውና ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግናቸው። ሳሩና ክሎቨሩ ሥራቸው እንደ ሹሩባ ተጠላልፏል። ከፀጉር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች ከአንዱ ወጥተው ሌላው ውስጥ የሚዘልቁ ይመስላሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ይገባ ነበር። ሆዴ ግን ተቃጠለ። እኔ ጫማዬን ስጨርስበት በኖርኩበት መሬት ላይ ገና ጫማዋ ጭቃ ያልነካው ልጅ አገኘችው። ያገኘችውም ማንም ባልለፋበት ቦታ ነው። በሰውም ቀናሁ፣ በመሬትም ቀናሁ።

ሄጄ ባለሳሩን ጠራሁት። መጥቶ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ሳሬ ነው ክሮቹን ስኳር የሚያበላቸው» አለ።

«የሚያበላው የእኔ ባክቴሪያዎች በሰጡት ናይትሮጅን ነው።»

ማጉያውን በጣቱ አስተካከለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ነቅለን ጣልነው?» አለኝ።

«አትቁጠር» አልኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ክቡር ዳይሬክተራችን ከእኔ በተሻለ ያስታውሱታል። ለከብቶቹ አዲስ በረት የሚሠራበት ቦታ ተፈለገ። ከሁለቱ ማሳዎች አንዱ ይነሣ ተባለ። ባለሳሩና እኔ ጉዳያችንን በየፋይላችን ይዘን እሳቸው ክፍል ገባን። እኔ የእሱ ይነሣ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። እሱም በትሕትና የእኔን አቀረበ። ልጅቱ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ሁለቱም ቢነሡስ?» አለች።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

ግማሹ መሬት ለበረቱ ይሰጥ፤ የቀረው ይታረስና ከአዲስ ይዘራ አለች። ሳር ለብቻ፣ ክሎቨር ለብቻ፣ ሁለቱ ተደባልቀው፤ በዕጣ እየተመደበ፣ እየተደጋገመ፣ ለብዙ ዓመት። ያኔ የፍርድ ቤቷ ነገር እውነት ይሁን አጋጣሚ ይታወቃል። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ነው ያበሳጨኝ። ዳይሬክተሩ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «እናንተ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ እኔ እፈቅዳለሁ» አሉ። እስከ ነገ አስቡበት ተባልን።

ያ ማሳ ከልጄ ይበልጣል፤ እሷን ሳልወልድ የዘራሁት ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። የጀመረውን ወንበር እግር እየላገ አዳመጠኝና፣ «የሚያንገበግብሽ ማሳው መታረሱ ነው ወይስ ልጅቷ ማግኘቷ?» አለኝ።

«ሁለቱም።»

«እምቢ ብትዪ ሁለቱ ይቀሩልሻል?»

አሰብኩ። ማሳው ይቀር ይሆናል። ልጅቷ ያገኘችው ነገር ግን ተገኝቷል። ተመልሶ አይቀበርም።

«አይቀሩም» አልኩት።

«እንግዲያው ተስማሚና እዚያው አጠገቡ ሆነሽ ቅኚ። ከሩቅ ከመቅናት እሱ ይሻልሻል» አለኝና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጠዋት ስመጣ ባለሳሩ ከእኔ ቀድሞ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሟል። ሳንነጋገር ሁለታችንም ተስማማን ብለን ፈረምን።

ትራክተሩ የጀመረው ከእሱ ማሳ ነው። ያንን ሳር ሲገለበጥ ማየት ለዓመታት የተመኘሁት ነገር ነበር። ሲሆን ግን የባለሳሩን ፊት ማየት አቃተኝ፤ ትራክተሩን ብቻ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ማሳ ዞረ። ክሎቨሩ አበባ ላይ ነበር። ማረሻው አፈሩን ሲያወጣው ባለሳሩ ከጎኔ ቆሞ፣ «አፈርሽ ግሩም ነው፤ ጥቁር ነው» አለኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ማሳዬ መልካም ቃል ሲናገር ያን ቀን ሰማሁት።

«ያንተም ጥቁር ነው» አልኩት። የእኔ ይጠቁር ነበር፤ ግን ሰዓቱ አልነበረም።

ዘሩ ተዘራ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራና የአዲሱ ማሳ ኃላፊ ማን እንደሆነ ተነገረ። ልጅቱ። ባለሳሩና እኔ አማካሪ ተባልን። አማካሪ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለስብሰባ የሚጠራ፣ ቁልፍ የማይሰጠው ሰው ማለት ነው። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ትንሽ ቆይቶ ተንኳኳ። ባለሳሩ ነው። ገብቶ ተቀመጠ።

«ቀናሽ?» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።»

«እኔ ደግሞ ሳላስበው የሁለት ሰው በላሁ።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ነው ምሳ የምንበላው። የጎረቤቴን ደግነት ለማየት ከጎረቤቴም ከእኔም የምትሻል ልጅ መምጣት ነበረባት። እስከ ዛሬ ድረስ እኔ ቀናሁ ስለው «ነውር ነው» ሳይል «እኔም» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ልጅቱንም አስተማርኳት። በደስታ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ግን ሳልሰስት ነው። እባጩን እንዴት ሳይቆረጥ እንደሚነቀል፣ አፈር ከየትኛው ጥልቀት እንደሚወሰድ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ። ያወቅሁትን ሁሉ። አንዳንዴ አንድ ነገር ልደብቅ ይዳዳኛል፤ ከዚያ ፊቷን ሳይ ያመልጠኛል።

ማሳው የእሷን ነገር አረጋገጠ። በተደባለቀው መደብ ሥር ያለው ሕይወት ከሁለቱም ይበዛል፤ በየዓመቱም ልዩነቱ እየሰፋ ነው። የት ድረስ ይሰፋል? አንድ ቦታ ይቆማል? ደረቅ ዓመት ተመልሶ ቢመጣ ያው ይሆናል? ይህ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን ነገ ቁልፌን አስረክባለሁ። ክቡራትና ክቡራን፣ ተከታታይ ታሪክ እያዳመጣችሁ ዋናው ነገር ሊነገር ሲል ከክፍሉ ውጡ ብትባሉ አትቀኑም? ባለሳሩ ደግሞ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በሁለት ዓመት አንሳለሁ ይላል። ፀጉሩን አይታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱ፣ ይቅርታ፣ ዶክተር፣ አዲሱን መሣሪያ ልታሳየኝ ጠራችኝ። እኔ የአፈሩን ረቂቅ ነፍሳት ዕድሜ ልኬን በሳሕን ላይ እያበቀልኩ ነው የቆጠርኳቸው፤ የበቀለውን እቆጥራለሁ፣ ያልበቀለውን አላየውም። ይህ መሣሪያ ግን ሳይበቅሉም ከአፈሩ ውስጥ ዘረመላቸውን አንብቦ ያወጣል። ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሞልተዋል።

«ይሄ ማነው?» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ።

«ስም የለውም፣ እትዬ።»

«ይሄስ?»

«እሱም ስም አልወጣለትም። አብዛኞቹ ገና ናቸው።»

አስቡት። እነዚያ ሁሉ እግሬ ሥር ነበሩ። በሬን ያንኳኩልኝን ብቻ ሳስተናግድ፣ ያላንኳኳው ቤቱን ሞልቶ ኖሯል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በጣም ቀናሁ። እንደ ሕፃን ነው የቀናሁት፤ ስክሪኑን አቅፌ ወደ ቤቴ ብወስደው ደስ ባለኝ።

ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «እትዬ፣ እኔ ደግሞ በእርስዎ እቀናለሁ» አለችኝ።

«በእኔ ምን አለ የሚያስቀና? በእባጭ?»

«እርስዎ ጋሼ ነበሩልዎት። ቀና ሲሉ ማዶ ላይ ሌላ ሰው እዚያው አፈር ላይ አጎንብሶ ያያሉ። ተናደው፣ ተሟግተው፣ ተመልሰው ይሠሩ ነበር። እኔ የምከራከረው ሰው የለኝም። ሁሉም ጎበዝ ነሽ ብሎኝ ይሄዳል።»

እስከ ዛሬም እያሰብኩበት ነው። እኔ እንደ ሸክም የተሸከምኩት ነገር ለእሷ የጎደላት ነገር ኖሯል። ያን ያህል ዓመት በየጠዋቱ ወደዚያ ማሳ ሳልታክት የወጣሁት ለሥራው ፍቅር ብቻ ነው ብል እውነቱ ይጎድላል። ባለሳሩ ቀድሞኝ እንዳይወጣም ነው።

ስለዚህ ልመርቃችሁ። ሰዓት እንደሄደ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ሁለት ጊዜ አስሏል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ሁለት ነገረኞችን በአንድ ማሳ ያስማሙ ሰው ነዎት፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፤ ያ መሬት ዳግመኛ ለበረት እንዳይፈለግ ይጠብቅልዎት። የማሳ ሠራተኞች፣ ወገባችሁን ይጠብቅላችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አንተ ባለሳሩ፣ ሁለቱን ዓመት በሰላም ጨርሰህ ወደ እኔ ና፤ ደጃፌ ላይ ትንሽ መሬት አለኝ፣ ግማሹን እሰጥሃለሁ፣ ወሰኑን ግን አሁኑኑ እንነጋገር። አንቺ ልጄ፣ ስም ለሌላቸው ስም አውጪ። ጎበዝ ነሽ ብሎ የማይሄድ፣ ቆሞ የሚሟገትሽ፣ ጠዋት ቀድሞሽ ማሳ የሚወጣ ሰው ይስጥሽ። ያን ቀን ሆድሽ ሲቃጠል እኔን አስቢ።

ለሁላችሁም ዝናቡ በሰዓቱ ይጣልላችሁ። የዘራችሁት ይብቀል፤ ያልዘራችሁትም ይብቀልላችሁ። ውጤት ሲገኝ ደውሉልኝ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ይቅናችሁ። መቅናቱን ለእኔ ተዉልኝ።